ገንፎ፣ አጥሚትና ኦ.አር.ኤስ.፦ የፖሊመርና የውኃ ድብልቅ ጠባይ ለጤና ባለሙያው ያለው ትርጉም

መግቢያ

በጅሬን ኮረብታ ግርጌ በምትገኘው በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ቡና አብቃይ ወረዳዎች፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን አካባቢዎች ሁሉ፣ የሕፃናት ተቅማጥና የምግብ እጥረት ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል የሚሠራውን ባለሙያ ከሚያሳስቡት ችግሮች መካከል ናቸው። ለእነዚህ ችግሮች የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው የታወቀ ነው። ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥበጥ፤ ለስላሳ መጠጥ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን አይሰጥ፤ የሕፃኑ ገንፎ ወፈር ይበል፤ ያደረ ምግብ አይሰጠው፤ እብጠት ያለበትን የተጎዳ ሕፃን በሽንት አብዢ መድኃኒት ለማከም አይሞከር።

እነዚህ ምክሮች ሲደጋገሙ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ትእዛዛት ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚገናኙበት አንድ የተፈጥሮ ሕግ አለ። ይኸውም ውኃ ከትናንሽ ሞለኪውሎች ጋር ሲደባለቅና ከረጃጅም ሞለኪውሎች፣ ማለትም ከፖሊመሮች፣ ጋር ሲደባለቅ የሚያሳየው ጠባይ ፈጽሞ የተለያየ መሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልዩነት በቀላል ስሌት አስረድቶ፣ ባለሙያው በየዕለቱ ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር ማገናዘብ ነው።

ፖሊመር ምንድን ነው?

ፖሊመር ተመሳሳይ የሆኑ ትናንሽ ሞለኪውሎች በክር እንደ ተሰካ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። በበቆሎ፣ በጤፍ፣ በገብስ፣ በእንሰትና በጎደሬ ውስጥ የሚገኘው ስታርች የግሉኮስ ሰንሰለት ሲሆን ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚሄደው አሚሎስ፣ ቅርንጫፍ የሚያበዛው ደግሞ አሚሎፔክቲን ይባላል። በደም ውስጥ የሚገኘው አልቡሚን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። እሸት ቡና ሲፈለፈል በእጅ ላይ የሚያሙለጨልጨው ዝልግልግ ሽፋንም ፔክቲን የተባለ ፖሊመር ብዙ ውኃ አቅፎ የሚሠራው ነው።

እንዲህ ያለ ረጅም ሞለኪውል መኖሩን ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ሽታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1920 ሲገልጽ ብዙ ሳይንቲስቶች አልተቀበሉትም ነበር። በመጨረሻ ግን ሐሳቡ ጸንቶ እ.ኤ.አ. በ1953 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ፖሊመር ከፈሳሽ ጋር ሲደባለቅ የሚታየውን የጉልበት ሚዛን እ.ኤ.አ. በ1942 ፖል ፍሎሪና ሞሪስ ሃጊንስ በየፊናቸው በቀመር አስቀመጡት።

የቀመሩ ፍሬ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ሁለት ነገሮች ይደባለቁ ወይም አይደባለቁ እንደሆነ የሚወስኑት ሁለት ኃይሎች ናቸው። አንደኛው በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው መሳሳብ ነው። ሁለተኛው ሞለኪውሎቹ በልዩ ልዩ አኳኋን የመሰራጨት ዕድላቸው ነው፤ ሙቀት በጨመረ መጠን የዚህ የሁለተኛው ክብደት ያይላል። አንድ ሺህ ዶቃ ተፈትቶ በሰፊ ትሪ ላይ ቢበተን የሚደረደርበት አኳኋን ስፍር ቁጥር የለውም። ያው አንድ ሺህ ዶቃ በአንድ ክር ከተሰካ ግን አንዱ በሄደበት ሌላው ይከተላል፤ የመሰራጨት ዕድሉም እጅግ ይጠባል። ስለዚህ ፖሊመር በመሰራጨት ከሚያገኘው ጥቅም ጥቂቱን ብቻ ይዞ ወደ ውኃ ይገባል። አንዳንዱ በቀዝቃዛ ውኃ አልሟሟም የሚለው፣ ሌላው ሳይሟሟ ውኃ ጠጥቶ የሚያብጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሩ እንጂ ክብደቱ አይደለም

ውኃ በስስ ሽፋን በኩል ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚሳበው የተሟሙት ቅንጣቶች ቁጥር ወደ በዛበት አቅጣጫ ነው። በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የወሰደው ሆላንዳዊው ያኮቡስ ቫንት ሆፍ እንዳሳየው፣ በሳሳ ፈሳሽ ውስጥ ይህን የመሳብ ኃይል የሚወስነው የቅንጣቶቹ ክብደት ሳይሆን ቁጥራቸው ነው።

18 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተሟሙቶ አንድ ሊትር ቢሞላ የድብልቁ ኦስሞላሪቲ 100 ሚሊኦስሞል ይሆናል። ይኸው ግሉኮስ አንድ ሺህ አንድ ሺህ እየሆነ በሰንሰለት ቢያያዝ ግን ኦስሞላሪቲው ወደ 0.1 ሚሊኦስሞል ይወርዳል። ሰውነት ከሁለቱ የሚያገኘው የምግብ ጉልበት ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ ውኃን ወደ አንጀት የመሳብ ኃይላቸው በአንድ ሺህ እጥፍ ይለያያል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሁሉ የዚህ ስሌት ተከታይ ነው።

ኦ.አር.ኤስ.ና የአንጀት ውኃ

ግሉኮስና ሶዲየም በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ተያይዘው እንደሚያልፉ ሮበርት ክሬን እ.ኤ.አ. በ1960 ገልጿል። ውኃም ሁለቱን ተከትሎ ወደ ደም ይገባል። ተቅማጥ የያዘው ሰው ጨውና ግሉኮስ ያለበት ውኃ በአፍ ሲወስድ የሚጠገነው በዚህ መንገድ ነው።

ነገር ግን ግሉኮሱ ሲበዛ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። በአንጀት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከደም ኦስሞላሪቲ፣ ማለትም በሊትር ከ290 ሚሊኦስሞል ገደማ፣ በእጅጉ ከበለጠ ውኃው ከደም ወደ አንጀት ይሳባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ኦ.አር.ኤስ. በሊትር 311 ሚሊኦስሞል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን ወደ 245 ዝቅ ሲያደርጉ፣ ግሉኮሱን ከ111 ወደ 75 ሚሊሞል፣ ሶዲየሙን ከ90 ወደ 75 ሚሊሞል ቀንሰዋል። የለስላሳ መጠጥ ኦስሞላሪቲ በአንጻሩ ወደ 700 ሊደርስ ይችላል።

ለአንድ ሊትር የተዘጋጀው ኦ.አር.ኤስ. በግማሽ ሊትር ውኃ ቢበጠበጥ ኦስሞላሪቲው 490፣ ሶዲየሙም 150 ሚሊሞል ይሆናል። በተለምዶ «ሃይላንድ» የሚባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ በግማሽ፣ በአንድና በሁለት ሊትር ስለሚገኝ፣ እናቲቱ በየትኛው ጠርሙስ እንደምትለካ ባለሙያው ጠርሙሱን አይቶ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ግሉኮሱን በስታርች መተካትስ ይቻላልን? ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ በባንግላዴሽ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ መርምረውታል። በሊትር ከ50 ግራም በላይ የበሰለ የሩዝ ዱቄት ቢጨመርም ስታርቹ ኦስሞላሪቲውን እምብዛም ከፍ አያደርገውም። የአንጀት ኢንዛይሞች ሰንሰለቱን ቀስ በቀስ ይቆርጡታል፤ ነፃ የወጣው ግሉኮስም ሳይጠራቀም ወዲያው ከሶዲየም ጋር ያልፋል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በሩዝ የተዘጋጀው ኦ.አር.ኤስ. ለኮሌራ ሕሙማን ከመደበኛው የተሻለ ነው፤ ኮሌራ ላልሆነው የሕፃናት ተቅማጥ ግን፣ በተለይ ሕፃኑ ፈሳሹ እንደተተካለት ምግብ ከጀመረ፣ ብልጫ የለውም። ስለዚህ በጤና ኬላ የሚሰጠው የታሸገው ኦ.አር.ኤስ. ከዚንክ ጋር የመጀመሪያው ምርጫ ሆኖ ይቀጥላል። ቀጭንና ጨው ጣል የተደረገበት አጥሚት ግን ፈሳሽ ከሰውነት ገና ብዙ ሳይወጣ በቤት የሚሰጥ ጥሩ መጠጥ ነው። ቡናና የሚያነቃቁ ሌሎች ትኩስ መጠጦች ለዚህ አይሆኑም፤ ቡና ከደጁ በማይጠፋበት አካባቢ ይህ በግልጽ ሊነገር ይገባዋል።

የኤፍ-75 ምስክርነት

በከፍተኛ የምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የመጀመሪያ ሕክምና የሚሰጠው ኤፍ-75 ወተት፣ ተዘጋጅቶ የታሸገው በማይገኝበት ጊዜ፣ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በሁለት መንገድ ይዘጋጃል። በአንደኛው ለአንድ ሊትር 100 ግራም ስኳር ይገባል፤ ኦስሞላሪቲውም 413 ሚሊኦስሞል ነው። በሁለተኛው ስኳሩ ወደ 70 ግራም ይቀንስና 35 ግራም የእህል ዱቄት ተጨምሮ ይበስላል፤ ኦስሞላሪቲው ወደ 334 ይወርዳል።

የሁለቱ ልዩነት 79 ሚሊኦስሞል ነው። ይህ ከየት መጣ? የተቀነሰው 30 ግራም ስኳር በስሌት 88 ሚሊሞል ገደማ ይሆናል። በምትኩ የገባው ዱቄት ክብደቱ ከተቀነሰው ስኳር ቢበልጥም የመለሰው ቁጥር ከአሥር አይዘልም፤ እርሱም በአብዛኛው በዱቄቱ ውስጥ ካሉት ማዕድናትና ትናንሽ ሞለኪውሎች የሚመጣ ነው። ጉልበቱ በሁለቱም በ100 ሚሊሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ነው። ስኳር የበዛበትን ወተት መቋቋም አቅቶት ተቅማጡ የሚጨምርበት ሕፃን ወደ ሁለተኛው ሲዛወር የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ገንፎ ለምን ይወፍራል?

ጥሬ የስታርች እንክብል በቀዝቃዛ ውኃ አይሟሟም። ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩበት ኃይል ውኃ ወደ መካከላቸው እንዳይገባ ያግደዋል። ሙቀቱ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ግን ሚዛኑ ይለወጣል፤ ትስስሩ ይላላል፣ ውኃ ይገባል፣ እንክብሉ ከመጠኑ ብዙ እጥፍ ያብጣል። በምጣድ ላይ ያለው ስስ ብጥብጥ በድንገት «ያዘ» የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው። በጅማ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ለዚህ ለውጥ ከበቂ በላይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ያበጠው ስታርች ብዙ ውኃ ስለሚይዝ ጥቂት ዱቄት ብዙ ገንፎ ይሆናል። እናት ገንፎው ለሕፃኑ እንዲቀልለት ውኃ ስትጨምርበት ደግሞ ጉልበቱ ይሳሳል። የአንድ 8 ኪሎ ግራም ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎ 30 ግራም ተብሎ ቢሰላ 240 ግራም ነው። በመቶ ግራም ውስጥ 6 ግራም ዱቄት ያለበት ቀጭን አጥሚት 21 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ይሰጣል። ሕፃኑ በቀን ሦስት ጊዜ ሆዱ እስኪሞላ ቢመገብ የሚያገኘው 151 ኪሎ ካሎሪ ነው። ከ9 እስከ 11 ወር ያለ፣ መጠነኛ የእናት ጡት የሚያገኝ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ የሚያስፈልገው ግን 300 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ሆዱ ሞልቶ፣ ሳያለቅስ እየተራበ ይውላል ማለት ነው።

ዱቄቱ ወደ 20 ግራም ከፍ ቢል በዚያው ሦስት ምግብ 504 ኪሎ ካሎሪ ይገኛል፤ ነገር ግን ገንፎው ድርቅ ስለሚል ሕፃኑ ለመዋጥ ይቸገራል። ከእንሰት የሚገኘው ቡላ ደግሞ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ስታርች በመሆኑ ይህ ችግር ይበረታበታል፤ ፕሮቲኑም እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ብቻውን የሕፃን ምግብ ሊሆን አይገባም።

ብቅልና የሰንሰለቱ መቆረጥ

ለዚህ ችግር መፍትሔው ከጠላ ጠማቂዋ ቤት አይርቅም። እህል ተዘፍዝፎ ሲበቅል አሚሌስ የተባለ ኢንዛይም ያመነጫል። ይህ ኢንዛይም ረጅሙን የስታርች ሰንሰለት ይቆራርጠዋል፤ ያበጠው እንክብልም የያዘውን ውኃ ይለቃል። በመሆኑም 20 ግራም ዱቄት ያለበት ድርቅ ያለ ገንፎ ጉልበቱ ሳይቀንስ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠጣ ይሆናል።

ለቡና ገበሬው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎማና በሊሙ ባሉት የእሸት ቡና መፈልፈያዎች፣ ከፍሬው ጋር ተጣብቆ የቀረው ዝልግልግ ሽፋን በቀዝቃዛ ውኃ ቢታጠብ አይለቅም። በገንዳ ውስጥ ሲብላላ ግን የረቂቅ ተሕዋስያን ኢንዛይሞች የፔክቲኑን ሰንሰለት ይቆርጡታል፤ ከዚያ በኋላ በቀላሉ ይታጠባል። ብቅል በገንፎ ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚህ ምሳሌ ብታስረዳ መልእክቷ በቶሎ ይገባል።

አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይሻል። ገንፎው በሚገባ ከበሰለ በኋላ ከእሳት ወርዶ ጥቂት በረድ ሲል፣ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ለአንድ ጎድጓዳ ሳህን አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል የብቅል ዱቄት ይጨመርና ይማሰላል። በሚፈላ ገንፎ ላይ ከተጨመረ ኢንዛይሙ ይሞታል። ከቀጠነ በኋላ ግን ከብቅሉ ጋር የገቡትን ተሕዋስያን ለመግደል እንደገና መፍላት አለበት። አሻሮ የተቆላ ስለሆነ ለዚህ አያገለግልም። የሻገተ ብቅል መጣል አለበት። የበቀለ ማሽላ በቡቃያው ውስጥ መርዛማ ሲያናይድ ሊያስገኝ የሚችል ንጥረ ነገር ስላለው ገብስ፣ ስንዴ፣ ዳጉሳ ወይም በቆሎ ይመረጣል።

የሰንሰለቱ መቆረጥ የቅንጣቶቹን ቁጥር፣ ስለዚህም ኦስሞላሪቲውን፣ በመጠኑ ከፍ ያደርገዋል። በመሆኑም በብቅል የቀጠነ ገንፎ ጉልበት ሰጪ ምግብ እንጂ የኦ.አር.ኤስ. ምትክ አይደለም።

የቀዘቀዘ ገንፎ

ገንፎ ሲቀዘቅዝ ሚዛኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። የአሚሎስ ሰንሰለቶች በሰዓታት፣ የአሚሎፔክቲኑ ደግሞ በቀናት ውስጥ እንደገና ይተሳሰራሉ፤ ውኃውንም ከመካከላቸው ይገፋሉ። ገንፎ የሚጠጥረው፣ ያደረ እንጀራም የሚደርቀው በዚህ ሂደት ነው።

የደረቀ የሚመስለው ገንፎ ግን ለባክቴሪያ ደረቅ አይደለም። ባክቴሪያ ለመራባት የሚያስፈልገው ነፃ ውኃ ነው፤ ይህን ነፃነት የሚቀንሱት ደግሞ በቁጥር የበዙ ቅንጣቶች ናቸው። ማር ሳይበላሽ የሚቆየው ስኳሩ ትናንሽ ሞለኪውሎች ስለሆነና እጅግ ስለበዛ ነው። ስታርች ግን የቅንጣት ቁጥሩ ኢምንት በመሆኑ፣ ገንፎው የቱንም ያህል ቢጠጥር በውስጡ ያለው ውኃ ከሞላ ጎደል እንደ ንጹሕ ውኃ ነፃ ነው። በቡና ለቀማ ወራት እናት ጠዋት አዘጋጅታ፣ ለታላቅ ልጅ አደራ ሰጥታው የምትሄደው ገንፎ እስከ ማታ ከቆየ ለተቅማጥ ምቹ መነሻ ይሆናል። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም፤ ሲሞቅም እስኪፈላ መሞቅ አለበት።

ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ለምግብነት የተዘጋጀ ለውዝ-አዘል ቅባታማ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት የሚቆየው በተቃራኒው ምክንያት ነው። የተሠራው በቅባት ስለሆነ ነፃ ውኃ የለውም። ስለዚህ ይህን ምግብ በውኃ በጥብጦ ማስቀመጥ ጥበቃውን ማፍረስ ነው፤ ሕፃኑ ንጹሕ ውኃ ለብቻው ይጠጣ።

በደም ሥር ውስጥ ያለው ፖሊመር

የደም ፈሳሽ ጠቅላላ የመሳብ ኃይል ከ5000 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ፕሮቲኖች የሚሸፍኑት 28 ያህሉን ብቻ ነው፤ 19ኙ ከራሳቸው ከፕሮቲኖቹ፣ 9ኙ ደግሞ በኤሌክትሪክ ሙላታቸው ከያዟቸው የሶዲየም ቅንጣቶች ይመጣል። ይህ ጥቂት ኃይል ወሳኝ የሆነው ጨው በደም ሥር ግድግዳ በነፃ ሲያልፍ ፕሮቲን በቀላሉ ስለማያልፍ ነው፤ ይህንም ኧርነስት ስታርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1896 አስረድቷል።

ከዚህ በመነሣት የክዋሽኦርኮር እብጠት የአልቡሚን ማነስ ውጤት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ይመስላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ የጃማይካ ጥናት እንዳሳየው እብጠቱ የሚጠፋው አልቡሚኑ ከፍ ከማለቱ በፊት ነው። ስለዚህ ለእብጠቱ አልቡሚን በደም ሥር መስጠት ወይም ሽንት አብዢ መድኃኒት ማዘዝ ተገቢ አይደለም፤ ሕክምናው በኤፍ-75 የሚጀመረው የአመጋገብ ሕክምና ነው።

ፖሊመርን በደም ሥር መስጠት ሌላም ትምህርት አስተምሯል። ሃይድሮክሲኤቲል ስታርች የተባለው ፈሳሽ ውኃን በደም ሥር ውስጥ ይዞ ያቆያል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆኑ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ግን በጽኑ ሕሙማን ላይ የኩላሊት እጥበት ፍላጎትን እንደሚጨምር አሳዩ፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2022 ከገበያ አግዶታል። በወረቀት ላይ ትክክል የሆነ ስሌት በሕሙማን ላይ ተፈትኖ መረጋገጥ አለበት።

በተግባር ምን ይደረግ?

1. የኦ.አር.ኤስ. መለኪያ ዕቃ በዓይን ይታይ፤ ስኳር፣ ማርም ሆነ ለስላሳ መጠጥ አይጨመርበት።

2. ሕፃኑ ምን ያህል ጊዜ እንደሚመገብ ብቻ ሳይሆን ገንፎው ምን ያህል እንደሚወፍር ይጠየቅ። ከማንኪያ ላይ እንደ ውኃ የሚፈስ ገንፎ ምግቡ ውኃ ነው ማለት ነው።

3. ገንፎውን ለማቅለል ውኃ ከመጨመር ይልቅ ንጹሕ የብቅል ዱቄት፣ ጉልበቱን ለማሳደግ ደግሞ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይመከር፤ ፕሮቲን እንዲኖረው የጥራጥሬ ዱቄት፣ እንቁላል ወይም ወተት ይታከልበት።

4. ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን ከእናት ጡት በቀር አጥሚትም ሆነ ገንፎ አይሰጥ።

5. በለቀማ ወራት የሕፃኑ ምግብ በምን ሰዓት እንደሚዘጋጅና ማን እንደሚያበላው የምክሩ አካል ይሁን።

ማጠቃለያ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው በ1952 የተመሠረተው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው ነው። እህልን የሚያጠናውና ሕሙማንን የሚያክመው በአንድ ጣሪያ ሥር መገናኘታቸው ከዚህ ርእስ ጋር የሚስማማ ነው፤ የሕፃኑ ሕይወት በእርሻው፣ በማጀቱና በጤና ኬላው መካከል የምትመላለስ ናትና። ግሉኮስ ሲበተን ውኃን ይስባል፤ በሰንሰለት ሲያያዝ ውኃን አቅፎ ያብጣል፤ ሰንሰለቱ ሲቆረጥ የያዘውን ይለቃል። ይህን የተረዳ ባለሙያ አዲስ ሁኔታ ሲገጥመው፣ እናቲቱ ያላት ዱቄት ምንም ይሁን ምን፣ ትክክለኛውን ምክር ራሱ ሊያፈልቅ ይችላል።